ቅጠል ያጣ መንገድ

«እህሳ፣ አሜሪካ?» ይሉኛል ጎሚስታው ቤት፣
አጂፕ ሰፈር፣ ከጎማ ክምር፣ ከኮምፕሬሰሩ ፊት።
ነጂብ እጁን እየጠረገ በዘይት በሰከረ ጨርቁ፣
ሌሎቹም ዱካ ስበው፣ ከጆሮዬ ሳይርቁ፣
«ፎቁስ? ባሕሩስ? ሐውልቱስ?» እያሉ ጠየቁ።

ፎቅ አላየሁም እኔ።
መንገድ ነው ያየሁት፣ እስኪታክተው ዓይኔ።

ሠላሳ አንድ ዓመት ጊቤን በኢሱዙ የወረድኩ ሰው፣
የፍሬን ሽታ ከሩቅ የምለየው፣
የእህቴ ልጅ ሂክመት መሪውን ጨብጣ፣
ከኦሃዮ ጭና ፀሐይ መግቢያን መርጣ፣
እኔ በጎኗ ቁጭ፣ እንደ ረዳት፣
ያውም ታኮ የማይጥል፣ ጥቅም የለሽ ረዳት።
እግሬ ግን አላረፈም፤ ቁልቁለት ባየ ቁጥር
ፍሬን ይረግጣል፣ ከባዶው ወለል ጋር ሲማከር።
«አጎቴ፣ እሱ ወለል ነው» ትለኛለች ስትስቅ፣
ዓይኗን ከአስፋልቱ ሳትነጥቅ።

መንገዱ መንገድ ብቻ ነው።
ፍየል የለበት፣ አህያ የለበት፣
እንጨት ያዘለች ሴት የለችበት፣
ባጃጅ በጎን ሾልኮ አይገባበት።
ሁለት ቀን ሙሉ አንድ ጥሩንባ አልሰማሁ፤
ጆሮዬ የተደፈነ መስሎኝ፣ ጊቤ እንደምወርድ ሁሉ
አፍንጫዬን ይዤ ተነፈስሁ።

በቆሎው! ከማለዳ በቆሎ፣ እስከ ማታ በቆሎ፣
ማማ የለው፣ ወንጭፍ የለው፣ ጦጣ የሚያባርር ልጅ የለው።
«ባለቤቱ ማነው?» ብላት፣ «ኩባንያ» አለችኝ ቶሎ፤
አሳዘነኝ እንዴት ያለ፣ ያ ወላጅ አልባ በቆሎ።
ቡናቸውን አትጠይቁኝ፤ በሞተር ዘይት ጣሳ ልክ ይቀዳል፣
አንዱን ሳትጨርስ አንድ ክፍለ ሀገር ያልቃል።

ነገሩ ነብራስካ ላይ ነው። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል
አንድ ጎማ ፈነዳ፣ የጥይት ያህል።
ሂክመት መብራት አበራች፣ ስልክ ደወለች፣
«ሠራተኞቹ ከሁለት ሰዓት በኋላ ይመጣሉ» አለች።
«እስከዚያስ፣ የሚቆም ሰው የለም?» «ለምን ይቆማል?» አለችኝ፤
ከጎማው ይልቅ ይህቺ ቃል አስደነገጠችኝ።

ወረድኩ። አእምሮዬ ሳይሆን እጄ ነው ያወረደኝ።
መኪና ሲበላሽ ቅጠል ይቆረጣል፣
ከኋላው ይነጠፋል፣ ድንጋይ ይከተላል፤
«ወንድሜ፣ ቀስ በል፣ እዚህ ሰው ተቸግሯል» ይላል።
የተማረ ያነበዋል፣ ያልተማረም ያነበዋል።
ዞር ብዬ ዛፍ ፈለግሁ። ዛፍ የለም።
ሰማዩ እስከሚያልቅበት አንዲት ብሳና፣ አንዲት ዋንዛ የለም።
ሣር ነጨሁ፣ ደረቅ ሣር፤ ነፋሱ ወሰደብኝ፤
ደግሜ ነጨሁ፣ ጠጠር ጫንኩበት፤
እንዲህ ተንበርክኬ ሳለሁ፣ ቀይና ሰማያዊ መብራት ቆመብኝ።

ፖሊሱ ረጅም፣ ጢሙ የበቆሎ ጸጉር።
ሣሩን በባትሪ አየ፤ ድንጋዩን አየ፤ እኔን አየ።
«ማነው ይህን የደረደረው?»
ሂክመት አፍራ ነገረችው።
ዝም። ከባድ መኪኖች ሽው ይላሉ፣
በያልፉ ቁጥር ሣሬን ያርገፈግፋሉ።
ሰውየው ጎንበስ አለ፤
ነፋስ ያነሳውን እፍኝ ሣር መልሶ አስቀመጠው፣
በጫማው ጫፍ ጠጠር ገፍቶ ጫነው።
አንድ ነገርም ተናገረ። ሂክመት ቶሎ አልነገረችኝም፤
ቆይታ፣ «አባቴ ቢኖር ይሄ ይገባው ነበር፣ አለ።»
ሌላ አልጨመረችም።

«ታዲያ ኒውዮርክን ሳታይ መጣህ?» አለ ነጂብ፣ አልጠገበም፤
እኔም ከዚህ ሌላ የምሰጠው አልነበረም።

ሳምንት አልፎ፣ የነጂብን ፒካፕ ይዤ ወደ ሰርቦ ስወጣ፣
ከኩርባው ላይ ቅጠል፣ ገና ያልጠወለገ፣ ውሃውን ያልጨረሰ የብሳና ቅጠል።
ፍሬን ረገጥኩ፣ እውነተኛውን።
ወርጄ ባይ መኪና የለም፤ ጠግነው ሄደዋል፣
ድንጋዩን ግን እንደ ልማዳችን መሐል አስፋልት ትተውታል።
ስድስት ነው። አንድ በአንድ ወደ ቦዩ ወረወርኩት።
ቅጠሉን ለፍየሎቹ ተውኩት።